ኮሚቴ ለተመረጣችሁ፦ የኮንዶሚኒየም ጥገናና ደንብ ማስከበር እንዴት ይያዛል

ስብሰባ ላይ «አንተ ወጣት ነህ ትችለዋለህ» ተብሎ የማህበር ኮሚቴ የተደረገ ሰው በማግስቱ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። ማንሆሉ ሞልቶ ግቢው ሸተተ፣ የደረጃው መብራት ጠፋ፣ ከላይ ያለው ቤት ውሃ እያንጠባጠበ የመታጠቢያ ቤቴን ጣራ አሻገተው፣ ተከራዮቹ እስከ ሌሊት ሙዚቃ ከፍተው አላስተኙኝም፣ እንትና መኪናውን መግቢያው ላይ አቁሞ ሄደ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል። እና አብዛኛው ኮሚቴ ግራ ሲገባው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቅጣት መጻፍ ነው። በር ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ «ይህን ያደረገ 500 ብር ይቀጣል» ይላል፣ ማንም አይከፍልም፣ ወረቀቱም ትንሽ ቆይቶ ይቀደዳል፣ ከዛ ኮሚቴው «የዚህ ሰፈር ሰው አይሰማም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ኮሚቴ ውስጥም እየሰራሁ ነው፣ እና ለአዲስ ተመራጮች ሁሌ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ጠግኑ፣ ከዛ ደንብ አስከብሩ። ሰው መዋጮው የት እንደገባ በአይኑ ሲያይ ነው ደንብ የሚሰማው። ደረጃው ጨለማ እያለ፣ ማንሆሉ እየፈሰሰ፣ «ለምን ቆሻሻ እዚህ ጣልሽ» ብትሏት «እናንተስ ምን ሰራችሁ?» ነው የምትላችሁ፣ እውነቷንም ነው። ደግሞ ግማሹ የደንብ ጸብ ሲመረመር ያልተጠገነ ነገር ነው ሆኖ የሚገኘው፣ ቆሻሻ ደረጃ ስር የሚከመረው ማስቀመጫ ስለሌለ ነው፣ ሰው ደረጃ ላይ ልብስ የሚያሰጣው ማስጫ ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቶ ስለሆነ ነው። እሱን ሰርታችሁ ስታበቁ ቅጣት የሚያስፈልገው ሰው በጣም ጥቂት ነው የሚቀረው።

መጀመሪያ ግቢውን ዙሩት

ከመሰብሰባችሁ በፊት ዙሩ። አንድ ከመሬት ወለል የሚኖር ሰው፣ አንድ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው፣ ከተገኘም ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ከጣራ ጀምራችሁ እስከ ሴፕቲክ ታንኩ ድረስ እያያችሁ በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ ውረዱ። የመሬት ወለሉ ሰው የግድ ነው፣ ምክንያቱም ከላይ የሚደፋ ነገር ሁሉ መጨረሻ የሚወጣው በሱ ሽንት ቤት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ግን ችግሩን አያየውም አይሸተውምም። ሁለቱ አብረው ሲዞሩ አንዱ የሌላውን ያያል፣ ስብሰባ ላይ 2 ሰዓት ከመከራከር ይሄ ይሻላል።

ስትዞሩ የምትጽፉት የተበላሸውን ብቻ አይደለም፣ የማን እንደሆነም ነው። የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባለው አለ፣ ማህበራችሁ የቆመው በሱ ላይ ነው፣ በሱ መሰረት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቤት ባለቤት ነው፣ ደረጃው ጣራው ግቢው ደግሞ የሁሉም የጋራ ነው፣ ማህበሩም የህግ ሰውነት ስላለው መክሰስም መከሰስም ይችላል። ዝርዝሩ የእናንተው መተዳደሪያ ደንብ ላይ ነው ያለውና ኮፒውን ፈልጋችሁ አንብቡት፣ ኮሚቴ ሆኖ ደንቡን አንብቦ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ለቧንቧ ግን ቀላሉ መለያ ይሄ ነው፦ አንድን ቤት ብቻ የሚያገለግል መስመር የባለቤቱ፣ ከአንድ ቤት በላይ የሚያገለግል መስመር የማህበሩ። ደንባችሁ ይሄን በግልጽ ካልጻፈው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አስጽፉት፣ ግማሹ የ«ማን ይክፈል» ጭቅጭቅ እዛው ላይ ይሞታል።

ፍሳሽ

ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው ምክንያቱም ሰውን የሚያጣላው ዋናው እሱ ነው።

እኛ ጋ ማንሆል የሚሞላው በብዛት በበዓል ማግስት ነው። ፋሲካ ገና እንቁጣጣሽ ሁሉም ቤት በግ ያርዳል፣ የመንዝ በግ ደግሞ ላቱ ስብ ነው፣ ድስቱና ትሪው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስቡ ሲወርድ ፈሳሽ ነው፣ ግን ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ሞራው ግድግዳው ላይ ይረጋል፣ በላዩ የቡና አተላ ይመጣበታል፣ ከዛ አንድ ዳይፐር ወይ ሞዴስ ሲጨመርበት ተዘጋ ማለት ነው። እርዱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፈርሱን በውሃ ገፍቶ ወደ ማንሆል የሚከት አለ፣ ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው።

መፍትሄው ላይ ቅጣት ብቻውን አይሰራም። የእርዱን ቦታ አንድ አድርጉት፣ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ካላችሁ እዛ ይሁን፣ የውሃ መውረጃው ላይ ከብረት የተሰራ ወንፊት አስገጥሙ፣ ማንም ብየዳ ቤት ይሰራዋል፣ ፈርስ የሚጣልበት ጉድጓድ ከበዓሉ በፊት አስቆፍሩ ወይም ጓሮ አትክልት ላለው ሰው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ለማዳበሪያ ይፈልገዋል። የረጋ ስብ በወረቀት ወይ በአሮጌ ጨርቅ ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ሲንክ እንዳይሄድ ደግሞ መልእክቱ ከበዓሉ 3 ቀን በፊት ይድረስ፣ ከበዓሉ በኋላ ቢነገር ምን ይጠቅማል።

እንዴት እንደሚነገርም ልዩነት አለው። የእኛ የብሎክ ተወካይ አንዲት ልጅ ናት፣ ሲንካቸው ላይ ዘይት የሚደፉ እናት ነበሩ፣ ልጅቷ በር አንኳኩታ «እትዬ እንዴት አደሩ፣ ቡና አፍልተዋል መሰለኝ ሽታው ደረጃ ላይ ደረሰ» ብላ ገብታ ተቀምጣ ከጠጣች በኋላ ነው «እትዬ ታች ያሉት ልጆች ሽንት ቤታቸው ሞልቶ ትናንት ጎረቤት ነው ያደሩት፣ እንዴት እናድርግ ይላሉ?» ያለቻቸው። እሳቸውም «ውይ እኔ ምን አውቄ ልጄ» ብለው ከዛ ወዲህ የዘይት ጣሳ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠዋል፣ ጭራሽ ሌሎቹን የሚመክሩትም እሳቸው ሆነዋል። ያንኑ ነገር በወረቀት ብንልክላቸው ኖሮ ተቀያይመን ነበር።

ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ዝም ብላችሁ መምጠጫ መኪና አትጥሩ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተዘጋ እወቁ። ማንሆሎቹን ከብሎኩ ጀምሮ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ አቅጣጫ አንድ በአንድ ክፈቷቸው፣ አንዱ ሞልቶ ቀጣዩ ባዶ ከሆነ የተዘጋው በሁለቱ መሀል ነው፣ እዛ በመግፊያ ሽቦ ይገፋል። ሁሉም ሞልተው ከሆነ ታንኩ ራሱ ሞልቷል፣ ያን ጊዜ ነው መኪናው የሚጠራው። ይሄን ሳያዩ መኪና ጠርተው ብዙ ብር ከፍለው በማግስቱ ተመልሶ የሞላባቸው ብሎኮች አውቃለሁ።

እና አንድ ነገር አደራ። ማንም ሰው ማንሆል ወይ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ እንዳይወርድ። የቀን ሰራተኛ «እኔ እገባለሁ ትንሽ ጨምሩልኝ» ይላችኋል፣ እምቢ በሉ። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰውን በደቂቃ ውስጥ ራሱን ያስተዋል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተላል፣ በዚህ ቤተሰብ ሙሉ የጠፋበት አለ። ከላይ በረጅም ሽቦና በመምጠጫ ብቻ ነው የሚሰራው። ክዳን የተሰበረ ማንሆልም ካለ ዛሬውኑ ይከደን፣ ልጆች እዛው ነው የሚጫወቱት።

ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ

ታች ያለው «ያንተ ነው» ይላል፣ ላይ ያለው «የኔ ቤት ደረቅ ነው ግባና እይ» ይላል፣ ኮሚቴው መሀል ይቆማል። ከመፍረድ በፊት ሞክሩት፣ ሙከራው ምንም ወጪ የለውም።

መጀመሪያ የላይኛው ቤት የውስጥ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ ዋናው መዝጊያ ሳይነካ፣ ከዛ ቆጣሪውን እዩት፣ ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው እየዞረ ከሆነ ውሃ የሚያስገባው መስመር ነው የሚያፈስ። ካልዞረ የመውረጃው ወይም የወለሉ ችግር ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀይ ስር ቀቅላችሁ ውሃውን ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨምሩና ልቀቁት፣ ታች ያለው ጠብታ ከቀላ የሽንት ቤቱ መገጣጠሚያ ነው። ካልቀላ ደግሞ የሻወሩን መውረጃ በጨርቅ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ አቁሙና ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፣ ታች ከረጠበ ሴራሚኩ መሀል ያለው ስሚንቶ ተበልቷል። ሁለቱም ጎረቤቶች ቆመው እያዩ ይሰራ፣ ሁለቱም የቃለ ጉባኤው ወረቀት ላይ ይፈርሙ። ከዛ በኋላ የሚከራከር ሰው የለም፣ ቀይ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል።

በሙከራው የጋራው መስመር ሆኖ ከተገኘ ማህበሩ ወዲያው ይጠግን፣ አንድ ሳምንት አያሳልፍ። ማህበሩ የራሱን ግዴታ ሲያዘገይ ነዋሪውም የራሱን ያዘገያል።

ጣራ፣ ውሃና እሳት

አሸንዳ ግንቦት ውስጥ መጠረግ አለበት፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ጣራ ላይ ሰው ማውጣት አደጋ ነው፣ ቆርቆሮው ያንሸራትታል። በልግ ሲዘንብ የሚያፈስበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፣ የበልጉ ዝናብ ለክረምቱ ያስጠነቅቃችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ጣራ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው አርጅቶ አይደለም፣ ዲሽ የተከለ ሰው ቆርቆሮውን በስቶ ስለሆነ ነው፣ ሲነቅለውም ቀዳዳውን እንደዛው ትቶት ይሄዳል። ለዲሽ አንድ የጋራ ቦታ ይወሰን፣ ግድግዳ ላይ ወይ ብረት ምሰሶ ላይ፣ የጣራ መውጫው ቁልፍ ደግሞ አንድ ሰው ጋ ይሁን፣ የወጣ ሰው ስምና ቀን ይጻፍ። የደንብ ማስከበር ግማሹ ቁልፍ መያዝ ነው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ሮቶ ይገዛል፣ ይሄ አይከለከልም፣ ግን በረንዳ ላይ አይሆንም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 20 ኩንታል ነው፣ ሰው እህል ቢሆን በረንዳው ላይ 20 ኩንታል አይከምርም ነበር። እንዲህ ብላችሁ ስትነግሩት ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ «የተከለከለ ነው» ስትሉት ግን «ማን ከለከለ» ይላል። መሬት ላይ የጋራ መደብ አሰርታችሁ ሁሉም ሮቶውን እዛ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፣ ፓምፑንም እዛው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ላይ ላዩን የተዘረጋ ቀጭን ጎማ ውስጥ የቀረ ውሃ ሌሊት በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይሰፋል ቱቦውንም ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ መስመሩ ይቀበር ወይ ይሸፈን።

ከሰል። ብርዱ ሲከፋ ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ አለ፣ በተለይ ለከተማው አዲስ የሆኑ ተማሪዎችና የፋብሪካ ሰራተኞች። ይሄ እንደሌላው ደንብ በቃል ማስጠንቀቂያ፣ በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ የሚባልበት አይደለም፣ ያየ ሰው በዛው ሰዓት በር ያንኳኳ፣ ይክፈቱ፣ ማንደጃው ይውጣ። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ነው የሚሞተው። ህዳር ሳይገባ ቤት ለቤት ሄዳችሁ ንገሩ፣ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ንገሩ።

መብራት ላይ አጭር ነገር ልበል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ቅዳሜ ጠዋት 20 ቤት እኩል ቢጋግር ዋናው ብሬከር ይወድቃል። ብሎኩን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹ አርብ ግማሹ ቅዳሜ እንዲጋግር ብትስማሙ ለጊዜው ያስታግሳል።

ብሩ

በቁጥር እናስበው፣ 20 ቤት ያለው ብሎክ በወር 200 ብር ቢያዋጣ በወር 4,000 በዓመት 48,000 ብር ነው። ጥበቃና ጽዳት ከተከፈለ በኋላ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ለጥገና የሚሆነው ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ፣ 200 ከሆነ 50ው የመጠባበቂያ ይባልና በሌላ ደብተር ይግባ፣ ለጥበቃ ደሞዝ ጎደለ ተብሎም አይነካ። ፓምፕ ሲቃጠል ቤት ለቤት እየዞሩ መለመን የሚቀረው በዚህ ነው።

ሂሳቡ በማህበሩ ስም ባንክ ይከፈት፣ የጣምራ ፊርማ ይኑረው፣ በቴሌብርም ቢሆን ወደ ሰው የግል ስልክ ብር አይግባ፣ ሰውየው ታማኝም ቢሆን አይግባ፣ ምክንያቱም ሐሜቱ እሱንም ይጎዳዋል። በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፉ፣ ይሄን ያህል ገባ፣ ለዚህ ወጣ፣ ይሄን ያህል ቀረ፣ የተጠገነው ነገር ከጥገናው በፊትና በኋላ ከተነሳው ፎቶ ጋር። ኦዲት የሚያደርጉት ከኮሚቴው ውጪ ያሉ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ ኮሚቴውን የሚቃወም ሰው ካለ እሱን አስመርጡት፣ ደረሰኙን በእጁ አገላብጦ ካየ በኋላ የሚናገረው ነገር ይቀየራል።

ያልከፈለ ሰው ስም ዝርዝር መለጠፍ ላይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ አልደግፈውም። ሥራ የፈታ ሰው አለ፣ ታሞ የተኛ አለ፣ ስሙን በር ላይ አንጠልጥላችሁ ልጆቹ እያነበቡት እንዲያልፉ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ከ3 ወር በላይ ያለፈበትን ገንዘብ ያዡና አንድ ሽማግሌ ሄደው ያናግሩት፣ በየወሩ ከፋፍሎ የሚከፍልበትን ስምምነት ይፈርም። አቅም እያለው እምቢ ያለ ግን በጽሁፍ ይጠየቅ፣ ከዛም ማህበሩ መክሰስ ይችላል። ውሃ መቁረጥ፣ መብራት መቁረጥ፣ በር ላይ ቁልፍ መምታት ግን በፍጹም አታድርጉ፣ እዚህ ላይ ስንት ኮሚቴ እውነት ይዞ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ደንብ ማስከበር

እዚህ አገር ቅጣት የሚሰራበት ቦታ የለም የሚል ሰው ካለ እድሩን ይይ። ለቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ይከፍላል፣ ሳይከራከር። ለምን? ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ቀድሞ ሁሉም ያውቀዋል፣ ስም ሲጠራ ሁሉም ፊት ነው የሚጠራው፣ ዳኛው ራሱ ቢቀር ዳኛውም ይቀጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉት እኮ እነዚያው የእድሩ ሰዎች ናቸው። መንዝ ላይም ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሳር መሬት ተጠቃሚው ህዝብ ራሱ በመረጣቸው አለቆች ሲያስጠብቅ ኖሯል፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተውት ቀን ቆርጠው ነበር የሚከፍቱት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የቆየ ሥርዓት ነው። የጋራ ነገር መጠበቅ ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፣ እንዴት እንደሚጠበቅ ቀድሞ ከታወቀና ለሁሉም እኩል ከሆነ ሰው ይገባበታል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን። ባለ 40 ገጹ መተዳደሪያ ቢሮ ይቀመጥ፣ ከሱ ውስጥ በየቀኑ የሚያጣሉትን 7 ወይም 8 ነገሮች ብቻ አውጥታችሁ በአንድ ገጽ አሳትሙ፣ ቆሻሻ፣ ጩኸት ከስንት ሰዓት በኋላ፣ መኪና የት ይቆማል፣ እርድ የት፣ ከብትና በግ ስንት ቀን መታሰር ይችላል፣ ዲሽ፣ ሮቶ፣ ቤት ሲታደስ የግንባታ ፍርስራሽ የት ይደፋል። ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ከዛ ጎን ምን እንደሚከተል። ጠቅላላ ጉባኤ ያጽድቀው፣ ያልጸደቀ ቅጣት ቅጣት አይደለም፣ ማንም ሰው «በየትኛው ቃለ ጉባኤ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ መብቱ ነው።

ሰው ደንብ ሲጥስ መጀመሪያ የብሎኩ ተወካይ በቃል ይንገር፣ ለብቻው፣ ቤቱ ሄዶ። ታላቅ ከሆነ በአንቱታ፣ ጋሼ እትዬ ተብሎ፣ የሰውየው እኩያ ካለ ደግሞ እኩያው ቢሄድ ይሻላል። ሁለተኛ ከሆነ በጽሁፍ፣ ቀኑና የሆነው ነገር ተጠቅሶ፣ ተቀባዩ ኮፒው ላይ ይፈርም፣ አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይፈርሙ። ሦስተኛ ከሆነ ኮሚቴው ጠርቶ ይስማው፣ ሳትሰሙት አትቅጡ፣ አንዳንዴ ያላወቃችሁት ምክንያት ይወጣል። ከዛ ቅጣቱ ይወሰን፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ሁሌም ጉዳትና ጥፋትን ለዩ፣ ሙዚቃ ያስጮኸ በደንቡ የተጻፈውን ይቀጣል፣ ቧንቧ የሰበረ ወይ ማንሆል የዘጋ ግን የጥገናውን ወጪ በደረሰኝ ይከፍላል። ቅጣቱ ከጥገናው ካነሰ ሰው «ከፍዬ አጠፋለሁ» ይላል፣ ይሄ በተለይ ቤት የሚያድሱ ሰዎች ላይ ይታያል፣ ፍርስራሹን በመኪና ከማስወጣት ቅጣቱ ይረክሳቸዋል። ከእነሱ ስራ ሳይጀምሩ ማስያዣ ብር ተቀበሉ፣ ግቢውን ንጹህ አድርገው ሲያስረክቡ ይመለስላቸው።

የመጀመሪያው የሚቀጣ ሰው የኮሚቴ አባል ከሆነ ሳትደብቁ ቅጡት፣ ሰብሳቢውም ቢሆን። ሌላው ሁሉ ያንን ነው የሚጠብቀው።

ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ድንኳን ይተከላል፣ መኪና ማቆሚያው ይያዛል፣ ሌሊት ሰው ይገባል ይወጣል፣ ያን ጊዜ ደንብ ማንበብ ነውር ነው። ግን ቀድማችሁ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ወስናችሁ በቀለም አስምሩት፣ አምቡላንስና የመምጠጫ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ክፍት እንዲሆን። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ጋ ሄዶ «ድንኳኑን አንሱ» ማለት እንዳይመጣ ነው።

ተከራይና ቤቱ ውስጥ የማይኖር ባለቤት

ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ ስላሉ እኛ ጋ ብዙ ቤት ኪራይ ነው፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ነው ያለው። ስብሰባ አይመጣም፣ መዋጮ «ተከራዩ ይክፈል» ይላል፣ ተከራዩ «ባለቤቱ ይክፈል» ይላል። ለማህበሩ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ እነሱ በውላቸው እንዴት እንደሚካፈሉት የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ ይሄ አቋማችሁ አይለዋወጥ። ባለቤቱ እዚህ ከተማ ውክልና ያለው ሰው እንዲያስመዘግብ ጠይቁት፣ ስልኩም ይያዝ፣ ቧንቧ ሌሊት ሲፈነዳ በር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። የኪራይ ውሉ ላይ «ተከራዩ የማህበሩን ደንብ ያከብራል» የሚል አንድ መስመር እንዲገባ ባለቤቶቹን አግባቧቸው፣ ደላሎቹንም አናግሯቸው፣ አንድ ገጹን ደንብ ለአዲስ ተከራይ ከቁልፉ ጋር ይስጡ።

ተከራዩንም ሰው አድርጉት። ድምጽ መስጠት ባይችል እንኳን ስብሰባ ይጠራ፣ ሀሳቡን ይናገር፣ ብሎኩ ውስጥ የሚኖረው እሱ ነው፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «ተከራይ ነህ አያገባህም» የተባለ ሰው ለደረጃው መብራት ምን አስጨነቀው።

የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ ጥገና መቼ እንደሆነ፣ የወሩ ሂሳብ። ክርክር እዛ ላይ አታድርጉ፣ የሰው ስምና የሰው በር ፎቶ አይለጠፍ፣ ሌሊት የተጻፈ ነገር ጠዋት ያጸጽታል። ስልክ የማይጠቀሙ እናቶችና አባቶችም ስላሉ ወረቀቱ ደረጃ ላይ መለጠፉ አይቅር።

ስትለቁ

ኮሚቴ ሲቀየር ነው ብዙ ነገር የሚጠፋው። አዲሱ ኮሚቴ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ እንኳን ሳያውቅ ይጀምራል። ርክክብ በጽሁፍ ይሁን፣ ማህተም፣ የባንክ ደብተር፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የጣራና የፓምፕ ቤት ቁልፎች፣ የፓምፑ ዋስትና ወረቀት፣ የቧንቧ ሰራተኛውና የኤሌክትሪሻኑ ስልክ፣ በሂደት ላይ ያለ የቅጣት ወይ የክስ ጉዳይ ካለ እሱም። የባንክ ፊርማ በዛው ሳምንት ይቀየር።

ከሁሉም በላይ ግን የመስመሩን ንድፍ ስጧቸው። መሀንዲስ አያስፈልገውም፣ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ብሎኮቹን ሳሉ፣ የውሃ መስመሩን በሰማያዊ የፍሳሹን በቀይ፣ ማንሆሎቹን ቁጥር ስጧቸው፣ እያንዳንዱ መዝጊያ ከየትኛው ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉ፣ በተጠገነ ቁጥር ቀኑን ጨምሩበት። ሁለት ኮፒ ይኑር፣ አንዱ ቢሮ፣ ሌላው በፕላስቲክ ታሽጎ የፓምፕ ቤቱ በር ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጠፍ፣ ሌሊት ቱቦ ሲፈነዳ ጥበቃው በባትሪ አብርቶ አንብቦ መዝጋት እንዲችል።